መርዶ ይዞ ሽርሽር

አገር ቤት እያለሁ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ስለ ጥንቷ ግሪክ አስተምሬአለሁ። ከማስተምረው ውስጥ አንዱንም በዓይኔ አይቼው አላውቅም። መማሪያ መጽሐፉ ላይ የነበረው የፓርተኖን ሥዕል ፎቶ ኮፒው እንደገና ፎቶ ኮፒ እየተደረገ ጠቁሮ፣ ምሰሶዎቹ ከቃጠሎ የተረፈ የቤት ማገር ይመስሉ ነበር። እሱን ከፍ አድርጌ እያሳየሁ "የሰው ልጅ ጥበብ እዚህ ደርሶ ነበር" እላለሁ። ተማሪዎቹ ያምኑኝ ነበር። እኔም ራሴን አምን ነበር።

አሁን አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኮሜርስ ሲቲ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ይህን የምለው ለማላዘን አይደለም። ሥራው ደህና ነው፤ ከጀርባዬ በቀር የጎዳው ነገር የለም። ግን በእረፍት ሰዓት ሌሎቹ ኳስ ሲያዩ እኔ ስልኬ ላይ የጥንቶቹን ግሪኮች መቅደስ፣ ዴልፊን አያለሁ፤ ተራራውን፣ ቲያትሩን፣ ከሥሩ የተዘረጋውን የወይራ ሸለቆ። ባለቤቴ ይህን አመሌን ታውቀዋለች። በሃያ አራት ዓመት ትዳራችን ስለ ዴልፊ ያልነገርኳት ነገር የለም። "አንተ ሰውዬ፣ ውሽማህ እዚያ ነው እንዴ ያለችው?" ትለኝ ነበር።

ግሪክ እንሂድ ያልኩት እንግዲህ እኔ ነኝ። እሷ አውሮራ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ዓመቱን ሙሉ የሰው እናት ስታጥብና ስታጎርስ ኖራ እረፍት ስታገኝ የራሷን እናት ማየት ነው የምትፈልገው። እኔ ደግሞ "እረፍት በመጣ ቁጥር አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ። አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሰው ቫኬሽን እንውጣ እንጂ" አልኩ። ሁለት ሳምንት ተኳረፍን። በመጨረሻ "እሺ፣ የአሁኑ ያንተ ይሁን። ለገና ግን እማዬ ጋ ነኝ" አለች። ልጃችን፣ እዚሁ የተወለደችው፣ ኮሌጅ ነች፤ ሆቴሉንም መርከቡንም እሷ ቡክ አደረገችልን።

አቴንስ የገባነው ከመስቀል በዓል በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። እሑድ ፓርተኖን ወዳለበት ኮረብታ፣ አክሮፖሊስ ወጣን። ሰው እንደ ጥምቀት ይርመሰመሳል። ድንጋዩ በእግር ብዛት ለስልሶ ያንሸራትታል፤ ባለቤቴ ለመንገዱ ብላ አውሮራ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ የገዛችውን ነጭ ስኒከር አድርጋ ክንዴን አጥብቃ ይዛለች። አናቱ ላይ ስንደርስ ምሰሶዎቹ ዙሪያ የብረት መወጣጫ ተተክሎ፣ ክሬን ቆሞ፣ ሠራተኞች ሄልሜት አድርገው አገኘናቸው። እሷ ቆም ብላ አየችና፣

"ይኼ እኮ ኮንስትራክሽን ነው" አለች። "ሃያ አራት ዓመት ያወራህልኝ ይኼን ነው? የኛ ሰፈር ኮንዶሚኒየምም ሲፈርስ እንግዲህ ትኬት ይቆረጥበት።"

ልመልስላት ዞር ስል ዓይኔ እንባ ሞልቶ አየች። መቀለዷን አቆመች። በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝና "ቁም፣ ላንሳህ" አለችኝ። የዚያን ዕለት ፎቶ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። ከፍቼ አላየውም።

ከሰዓት በኋላ በሆቴሉ ዋይፋይ እናቷ ጋ ደወለች። እናቷ ትንሽ ደክሟቸዋል፤ ድምፃቸው ሳሳ ብሏል። ባለቤቴ የት እንዳለን ስትነግራቸው "የምን ቦታ ነው? ጠበል አለው?" ብለው ጠየቁ። ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። እሳቸውም ሳቁ። እናትና ልጅ ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም።

ሰኞ ረፋድ ላይ ሙዚየም ሄድን። የሴቶች መጸዳጃ ቤት ሰልፉ ረጅም ስለነበር እኔ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። የግሪክ ሲም ካርድ ያወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ የሷ የሚሠራው ሆቴል ስንገባ ነው። የደወለው የባለቤቴ ወንድም ነበር።

"እማዬ ትናንት ማታ ወደቀች" አለኝ። "ሆስፒታል አስገብተናታል። ዶክተሮቹ ከዚህ ሳምንት አታልፍም ነው የሚሉት። የእህቴን ስም እየጠራች ነው። እናንተ አሁን ቅርብ ናችሁ፤ ከአቴንስ ቀጥታ በረራ አለ፣ አምስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። አንተ በዘዴ ንገራትና ይዘሃት ና።"

"እሺ" አልኩት። "ዛሬውኑ ትኬት እንፈልጋለን።"

ይህን ስል ከልቤ ነበር። ባለቤቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣችና "ማነው?" አለች።

"ከሥራ ነው። ሺፍት ሊቀይሩብኝ" አልኳት።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። አንዴ ከወጣ በኋላ ግን አልመለስኩትም።

ምክንያት መደርደር እችላለሁ፤ አስተማሪ ነኝ። እናቷ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ "አለቀላቸው" ተብለን በርረን ሄደን፣ ማእድ ቤት ቆመው ሠራተኛዋን ሲቆጡ ነው ያገኘናቸው። ይህ እውነት ነው። ዶክተር ይሳሳታል፤ እሱም እውነት ነው። ወንድሟም በትንሹ የሚደነግጥ ሰው ነው። ግን ዝም ያልኩት በነዚህ ምክንያት አይደለም። ዝም ያልኩት ማግስቱ ማክሰኞ ስለሆነና ማክሰኞ ዴልፊ ስለነበርን ነው። አንድ ቀን ብቻ፣ አልኩ ለራሴ። ዴልፊን አይቼ ስንመለስ እነግራታለሁ።

የዚያን ዕለት ሆቴል እንደገባን የስልኳን ቻርጀር ትርፍ ጫማዬ ውስጥ ደበቅኩት፤ የኔ ለሷ ስልክ አይሆንም። ባትሪዋ አልቆ፣ ፈልጋ ስታጣው "ተዪው ባክሽ። ለአንድ ሳምንት እንኳ ያለ ስልክ ሰው እንሁን። ፎቶ በኔ አንሺ" አልኳት። ይቆጣኛል ብላ ነው መሰለኝ ቻርጀሩ መጥፋቱን ደብቃኝ ነበር፤ ይህን ስላት ደስ አላት። ሌላ ጊዜ ስልክ ላይ ተጥጄ የምውለው እኔ ነኝ፣ የምትጨቀጭቀኝ እሷ ነች። አንገቴን አቀፈችኝ።

ማክሰኞ በአውቶቡስ ሄድን። መንገዱ ወደ ተራራው እየተጠማዘዘ ሲወጣ ልቤ እንደ ሕፃን ይዘል ነበር፤ ይህን ደብቄ የተሻልኩ ሰው መምሰል አልፈልግም። ፍርስራሹ መሀል ያለውን መንገድ ይዘን ወጣን። ከአፖሎ ቤተ መቅደስ የቀረው ጥቂት ምሰሶ ነው። እሱን አልፈን ቲያትሩ ጋ ደረስን። ባለቤቴ ትንፋሽ አጥሯት የድንጋይ መቀመጫው ላይ አረፍ አለችና እግሯን ዘርግታ፣

"በል አስተምረኝ" አለች። "እዚህ ድረስ ጎትተህ አምጥተኸኝ የለ? ክፍል ገብቻለሁ።"

እኔም ቆሜ አስተማርኩ። በአማርኛ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እጄን እያወናጨፍኩ። ነገሥታት ከሩቅ አገር ስጦታ ጭነው እየመጡ፣ እዚያ የምትቀመጠዋን ሴት ስለ መጪው ጊዜ ይጠይቁ እንደነበር፣ እሷም የምትመልሰው ከሰሙት በኋላ የሚያስጨንቅ መልስ እንደነበር ነገርኳት። ባለቤቴ እንደ ተማሪ እጇን አውጥታ "መምህር፣ ሴትየዋ ደመወዝ ነበራት?" ብላ ጠየቀች። አንድ ሁለት ፈረንጆች ቆመው ቋንቋውን ሳያውቁት ሰሙን። በሕይወቴ ካስተማርኳቸው ክፍለ ጊዜዎች ሁሉ የሚበልጠው ያ ነው። ለአርባ ደቂቃ ያህል አማቴን ፈጽሞ ረስቻቸው ነበር። አፍርበታለሁ፣ ግን እንዲያ ነው የሆነው።

ያን ቀን እዚያው መንደሩ ውስጥ አደርን። ረቡዕ ስንመለስ አውቶቡስ መናኸሪያው ጋ ውሃ ልግዛ ብዬ ወረድኩ፤ ወንድሟ ደወለ።

"አገኛችሁ?" አለኝ።

"እስከ ዓርብ ሙሉ ነው እያሉን ነው። እየሞከርን ነው።"

"እየመጣች ነው ብለናታል" አለኝ። "እሱን ከነገርናት ወዲህ ተረጋግታለች። በሩን እያየች ነው የምትውለው።"

ስልኩን ዘግቼ በረራ ፈለግኩ። ከሱ ጋር ካወራሁ በኋላ ነው የፈለግኩት፤ ከዚያ በፊት አንድም ጊዜ አልፈለግኩም። ለሐሙስ ማታ ቦታ ነበረ። ሁለት ወንበር፣ ጎን ለጎን። ትክ ብዬ አየሁት። አሁን ብነግራት መጀመሪያ የምትጠይቀኝ "መቼ ሰማህ?" ብላ ነው። ሰኞ ነው ልላት ነው? ማክሰኞ ለዴልፊ ብዬ ዝም አልኩ፣ ረቡዕ ደግሞ ለማክሰኞው ዝምታዬ ብዬ ዝም አልኩ። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ውሃውን ይዤላት ተመለስኩ።

"ባንተ ስልክ እማዬ ጋ ልደውል" አለች አውቶቡሱ ውስጥ።

"አዲስ አበባ ኔትወርክ የለም አሉ። ቅድም ሞከርኩልሽ" አልኳት።

ይህን ሰበብ የማያምን ኢትዮጵያዊ የለም። "አይ ያ ኔትወርክ" ብላ አንገቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚሉት ይህን ነው።

በዚያ ሳምንት እንደተንከባከብኳት ተንከባክቤያት አላውቅም። ቦርሳዋን ያዝኩላት። የጾም ምግብ ያለበት ቤት ፍለጋ ሦስት መንገድ ዞርኩላት፤ ረቡዕ ነውና። ወንበር ሳብኩላት። ዴንቨር፣ ሞንትቤሎ ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ ሰሃኔን እንኳ የማላነሳ ሰውዬ ጠረጴዛ ጠረግሁላት። የበደለኛ እጅ ሥራ አያጣም። እሷ ግን ከምን የመጣ እንደሆነ አላወቀችም። በወይን ቅጠል የተጠቀለለውን ሩዝ እየበላች "እንዲህ እንደሆንክ ብትቀር ምናለ?" አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ዓይኗ ግን የምሯን እንደሆነ ይናገር ነበር።

ሐሙስ ጠዋት በመርከብ ወደ ኤጊና ሄድን። ደሴቷ ቅርብ ናት፤ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥ። ባለቤቴ ጠርዙ ላይ ቆማ ለባሕር ወፎቹ ዳቦ እየቆረሰች ስትወረውር፣ ስልኬ ላይ ከወንድሟ ጽሑፍ ገባ። "እማዬ ዛሬ ንጋት ላይ ዐረፈች" ይላል። ሌላ ቃል የለውም።

የሞተሩ ጩኸት ወደሚበዛበት ወደ ኋለኛው ክፍል ሄጄ ደወልኩለት። እያለቀሰ ነበር። እኔም አለቀስኩ።

"አሁን እንግዲህ እንዳትነግራት" አለኝ። "በባዕድ አገር፣ ዘመድ አዝማድ በሌለበት፣ ምን ትሆንብሃለች? ቀብሩ ነገ በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ትኬቱም ጠፍቷል። ቤቷ ስትገባ እንደ ወጉ በሰው አስነግራት።"

ሳምንቱን ሙሉ በገዛ ፈቃዴ ሳደርገው የነበረውን ነገር አሁን አድርገው ተባልኩ። መርዶ ለመንገደኛ አይነገርም፤ ወግ ነው። ወጉ ልክ እንደ ጃኬት ለበሰኝ። እና አንድ ነገር ጨመርኩበት፤

"ስለ ትኬቱ ግን ወደፊትም ቢሆን አታንሳባት። ይጸጽታታል።"

"ልክ ነህ" አለኝ። "አንተ ባትኖርላት ምን ይውጣት ነበር!"

ደሴቲቱ ላይ አፋያ የምትባል አምላክ ቤተ መቅደስ አለ፤ ጥድ የበዛበት ኮረብታ ላይ። እሱን ልናይ አውቶቡስ ተሳፈርን። መንገዱ ላይ ግን ትልቅ ገዳም አለ፣ ባለቤቴም ቤተ ክርስቲያን አይታ የምታልፍ ሰው አይደለችም። ወረድን። ነጠላዋን ከቦርሳዋ አወጣችና ተከናንባ ገባች። በሩ አጠገብ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ሁለት ዓይነት ወረቀት ተቆልሏል። ሰው ስም ጽፎ ይሰጣል፣ ቄሱ በጸሎት ያነሱታል። መነኩሲቷ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አስረዱን። ይኼኛው ለሕያዋን፣ ለጤና ነው። ያኛው፣ መስቀል ያለበት፣ ለሞቱ ሰዎች ነው።

"ለእማዬ ጤንነት" አለች ባለቤቴ። "አንተ ጻፍልኝ፤ የኔ እንግሊዝኛ ጽሑፍ አይነበብም። የክርስትና ስሟን ነው እንግዲህ።"

መነኩሲቷ ሁለቱን ወረቀቶች በሁለት እጃቸው ይዘው እኔን እያዩ ጠበቁ። የሕያዋኑን ተቀበልኩ። የሞቱትን ሴትዮ የክርስትና ስም በጥሩ የአስተማሪ እጅ ጽሑፍ፣ ፊደል በፊደል ጻፍኩ። ባለቤቴ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ሳመችው፣ ከዚያ ለመነኩሲቷ ሰጠቻቸው።

ቤተ መቅደሱንም አየነው። ምሰሶዎቹ ከአክሮፖሊሱ ይልቅ በደንብ ቆመዋል፣ ባሕሩ በሁለት በኩል ይታያል፣ ሰው የለም። የሃያ ዓመት ምኞት ነው። ምንም አልታየኝም። "ምነው ዝም አልክ፣ አታስተምረኝም?" ስትለኝ "ደክሞኛል" አልኳት። ግንባሬን ነክታ ትኩሳት ይኖርብኝ እንደሆነ አየች።

ከሰዓት በኋላ፣ እነ ዴንቨር ሲነጋባቸው፣ እሷ ባሕሩ ዳር ጫማዋን አውልቃ ውሃው ውስጥ ስትመላለስ እኔ ሁለት ቦታ ደወልኩ። አንደኛው የእድራችን ሰብሳቢ ነበሩ፤ በዕድሜ የገፉ፣ ብዙ መርዶ ያረዱ ሰው።

"እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ" አሉኝ። "አንተ ብቻ ፊትህ ላይ እንዳይነበብብህ። ሌላውን ለኛ ተወው። ፌስቡክ ላይ ማንም ነፍስ ይማር እንዳይል ለሁሉም እንናገራለን። እሑድ ሊነጋጋ ሲል እንመጣለን።"

"እርስዎ እንዳሉ" አልኳቸው።

ሁለተኛው ለልጄ ነው። ሰምታ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ "ማሚ እንዴት ናት?" አለች። ገና እንደማታውቅ ስነግራት ድምፅዋ ተለወጠ።

"ዳድ፣ ኖ። ዩ ሃቭ ቱ ቴል ኸር። እናቷ እኮ ናት።"

"ባህላችን ነው፤ አንቺ አይገባሽም" አልኳት።

"ኢት ኢዝ ኖት ፌር" አለችና ዘጋችው። አይገባሽም ያልኳት ልጅ ነች ነገሩ የገባት።

እዚያው ደሴቲቱ ላይ አደርን። ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት፣ አዲስ አበባ ሬሳው ወደ መቃብር ሲወርድ፣ እኛ የኤጊና ወደብ አጠገብ ካለ አንድ የቆዳ ሱቅ ውስጥ ነበርን። ባለቤቴ ለእናቷ ሰንደል ጫማ እየመረጠች ነው። "እግሯ ሠላሳ ሰባት ነው፣ አይደል?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ለስለስ ያለውን ልውሰድላት፤ ለገና ስሄድ እሰጣታለሁ።" ሻጩ በስጦታ ወረቀት ጠቀለለው። ሰዓቱን አውቀዋለሁ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ሳየው ነበር።

ቅዳሜ በረርን። አውሮፕላን ውስጥ እጄን ይዛ ተኛች። ከመተኛቷ በፊት "ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም" አለችኝ።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል መጡ። ሞንትቤሎ ያለው መንገዳችን ዳር ዳሩን መኪና ተደረደረ፤ መብራት አጥፍተው፣ በር እንኳ ሳያንኳኩ፣ ሰው እስኪሞላ ቆመው ጠበቁ። እኔ ነቅቼ ሳሎን ተቀምጬ ነበር። ስከፍትላቸው ባለቤቴ የእግር ኮቴ ሰምታ በሌሊት ልብሷ ወጣች። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። አንድ ጊዜ አየቻቸው። ልጃችን ከኋላቸው ስታለቅስ አየቻት። "እማዬን ነው" አለች፣ ማንም ምንም ሳይላት። ከዚያ የሆነውን አልጽፈውም። መርዶ የሰማ ሰው ያውቀዋል።

እኔም አለቀስኩ፤ ሰው ደግፎ እስኪይዘኝ ድረስ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። የኔን ለቅሶ ያዩ ሁሉ ለአማቴ ያለኝ ፍቅር ነው አሉ። የእድሩ ሰብሳቢ ትከሻዬን ይዘው ለለቀስተኛው ሁሉ ተናገሩ፤ "ይህ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ መርዶ በሆዱ ይዞ፣ እየሳቀ፣ ሚስቱን በሰላም ቤቷ አስገባ። መርዶ ይዞ መሳቅ ቀላል ነገር አይደለም።" ሴቶቹም "ባል ማለት እንዲህ ነው" እያሉ ሲያወሩ ሰማኋቸው። ሦስት ቀን አሉ። እኔ አላረምኳቸውም።

በሦስተኛው ቀን፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ዓይኗ እስኪያብጥ አልቅሳ፣ ጠራችኝ። አጠገቧ ተንበረከክሁ። በሹክሹክታ፣

"ለካ እኔ ስስቅ አንተ ብቻህን ታርር ነበር" አለችኝ። "ደክሞኛል ያልከኝ ለዚህ ነው። ይቅር በለኝ።"

ይቅር በለኝ አለችኝ። እኔም "ተዪ፣ ተዪ" አልኳት። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሰው በበዛበት፣ እሷ በደከመችበት ሰዓት እንዴት ይነገራል አልኩ። ለመናገር ያልተመቸ ሰዓት ሁልጊዜ አለ፤ እኔ ደግሞ አንዱም ሳያመልጠኝ ተጠቅሜባቸዋለሁ።

ለአርባው ብቻዋን አዲስ አበባ ሄደች። እኔ ሥራ አልለቀቀኝም፤ እውነቱን ለመናገር ግን ፈቃድ አልጠየቅኩም። በየቀኑ ትደውልልኝ ነበር። ከአርባው በኋላ አንድ ቀን አልደወለችም። ከዚያ ሌላ ቀን። ስደውልላት "ኔትወርክ አይሠራም ነበር" አለችኝ፣ በረጋ ድምፅ። ያኔ ነው እንደደረሰችበት ያወቅኩት።

ከዴንቨር ኤርፖርት የተቀበልኳት እሑድ ቀትር ላይ ነው። ጥቁር ለብሳለች፤ ከስታለች። ጉንጯን ሳምኳት፣ አልከለከለችኝም። ሻንጣዋን ጫንኩና ወደ ሞንትቤሎ የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ። ብዙ ከሄድን በኋላ ወደ መስኮቱ እያየች፣

"ወንድሜ ይቅር አለኝ" አለች።

"ምኑን?"

"ትኬት ባለማግኘቴ።"

እግሬ ነዳጁ ላይ ፈዞ መኪናው ቀስ አለ። ከኋላችን ያለው ሰው ክላክስ አደረገ።

"ሊያጽናናኝ ብሎ ነው ያመለጠው" አለች። "'አንቺ ምን ታደርጊ፤ ከሰኞ ጀምሮ ፈልጋችሁ ፈልጋችሁ ትኬት ጠፍቶ ነው። እማዬም እየመጣች ነው እንዳለች ነው ያረፈችው' አለኝ። አክስቶቼ ሁሉ ተቀምጠዋል። ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት፤ እሷ ጨክና ነው የቀረችው በሚል ዓይን።"

"ምን አልሽው?"

"'አዎ፣ ጠፋ' አልኩት።"

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። በእጇ አስቆመችኝ፤ አልተቆጣችም።

"አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ" አለች። "ሰኞ የት ነበርን?"

"ሙዚየም።"

"ማክሰኞ?"

"ዴልፊ።"

"ረቡዕስ?"

"መንገድ ላይ። ከዴልፊ ስንመለስ።"

በጣቷ ነው የምትቆጥረው፤ ሦስቱን ጣቶች ጭኗ ላይ ዘርግታ አየቻቸው።

"እኔ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር" አለች። "በሦስቱም ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።"